እባክዎ የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱ

ከተማው ሲነቃ መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነበር። ዶሮ ቢጮህም የሚያምነው አልነበረም፤ ሰው ከአልጋው የሚወርደው "ደወል ተናገረች ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነው። ደወል የሚለውን ስም ያወጡላት የሬዲዮ ጣቢያው ባልደረቦቿ ናቸው። ስሙ በልኳ እንደተሰፋ ቀሚስ ልክክ ስላለላት፣ ዋናውን ስሟን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። እናቷ ግን ደወልም ሌላም አትላትም። ገና በዳዴ ስትሄድ ሚጣ ብላ ጀመረች፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ካለ በኋላም ያው ሚጣ ናት።

እናትየዋ ልብስ ሰፊ ነች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ሬዲዮው ከመኪናው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ልጅቷ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል፤ ሦስቱ እንዲህ አብረው ኖሩ። ልጅቷ ባዶ የክር ጥቅል እንደ ማይክ አፏ ላይ ደቅና ዜና አንባቢውን ስታስመስል፣ እናት እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ ታርማታለች። መጨረሻውን ዋጥሽው፣ ድገሚው ትላታለች። ልጅቷም ትደግማለች። አንዳንዱ ልጅ በዱላ ያድጋል፣ አንዳንዱ በምክር፤ ይቺ ግን ያደገችው በ"ድገሚው" ነው።

ጣቢያው ሲቀጥራት መጀመሪያ የሰጣት ሥራ የጠፉ ነገሮችን ማስታወቂያ ማንበብ ነበር። የጠፋ ቁልፍ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋች ድመት፣ አንዴ ደግሞ የጠፋ ባል። ባልየው ማስታወቂያውን ሰምቶ በገዛ እግሩ ጣቢያው ድረስ መጣና፣ አልጠፋሁም፣ ሄጄ ነው፣ ማስተካከያ ይነበብልኝ አለ። እሷም ማስተካከያውን ሳቋን ጉሮሮዋ ላይ ይዛ ኮስተር ብላ አነበበችው። ከተማው ግን ሳቋ የት ድረስ እንደመጣ ነቅቶባት ነበርና፣ የወደዳት ያን ቀን ነው። ከማስታወቂያ ወደ ዜና፣ ከዜና ወደ ጠዋቱ ፕሮግራም አደገች። በመሀሉ ትዳርም ሞክራ ነበር፤ አልሆን ሲላት ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። እናት ስለ ባልየው አንዲት ቃል አልጠየቀችም። ቁምሳጥኑን ለሁለት ከፍላ ጠበቀቻት።

የጠዋቱ ፕሮግራም አድማጭ በስልክ የሚገባበት ነው። የሚደውል ሰው ደግሞ አንድ የማይለቅ አመል አለው፤ ራሱን በአየር ላይ ለመስማት ሬዲዮውን አጠገቡ አስጩሆ ነው የሚያወራው። ያኔ ድምፁ በስልኩ ተመልሶ ይገባና ጣቢያው በሙሉ ያፏጫል። ስለዚህ ደወል በሕይወቷ ከ"እንደምን አደራችሁ" ቀጥሎ አብዝታ የተናገረችው "እባክዎ የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱ" የሚለውን ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ፣ ገና ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ የእናቷ ስልክ ይመጣል። እናት ምስጋና የሚባል ነገር አታውቅም። እዚህ ጋ ቸኮልሽ፣ እዚያ ጋ ዋጥሽ ትልና ትዘጋለች። ደወልም ያለዚያ ስልክ ቀኑ የጀመረ አይመስላትም ነበር።

በሽታው ሲመጣ ምንም ሳያማት ነው የመጣው። ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ እንደ ጠጠር የደደረ ነገር ዳሰሰች፤ ነገ ዛሬ ስትል ቆይታ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ነገር መጠቅለል የማትወድ ሴት ናት። ካንሰር ነው፣ ሳይሰራጭ ነው የመጣሽው፣ ኦፕራሲዮን እናደርጋለን፣ ከዚያ መድኃኒት እንሰጥሻለን አለቻት። ደወል የሰማችው ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር። ማታ ከእናቷ ጋር ሾርባዋን ጠጣች፣ ስለ ጎረቤት መጋረጃ አወራች፣ ተኛች፤ በማግስቱም ሥራዋ ላይ ተገኘች።

ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ማይክ ሲከፈት የምትበራ ቀይ መብራት ነበረች። መብራቷ ከተቃጠለች ቆይታለች፤ ዋና አዘጋጁ "ይገዛል" ካለም እንዲሁ ቆይቷል። እስኪገዛ ድረስ መብራቷን የተካው የድምፅ ቴክኒሻኑ እጅ ነው። ይህ ሰው ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ ዕድሜውን በሙሉ በጣት ሲያወራ ስለኖረ ባለጣቱ ይሉታል። አንድ ጣት ካነሳ ማይኩ ተከፍቷል፣ ጡጫ ካሳየ ተዘግቷል። ያን ጠዋት ደወል ዘፈን ጋብዛ ቀና ስትል ፊቷን አየው፤ የሚያውቀው ፊት አልነበረም። ምን ሆና ነው ብሎ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ስቱዲዮው ሮጠ። ሲሮጥም ጡጫ አላሳየ፣ ማይክም አልዘጋ።

ዘፈኑ ለስለስ ያለ ነበር። በላዩ ላይ የደወል ድምፅ ጥርት ብሎ በየቤቱ ገባ።

"ካንሰር ነው አሉኝ። ጡቴ ላይ" አለች። "ለእማዬ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ግፊት አለባት፤ ይሄን ከሰማች ትሞትብኛለች።"

ባለጣቱ አይዞሽ፣ ማንም አይሰማም አላት። ይህን ያለው ለከተማው በሙሉ ነው። ከዚያ መሐረቡን ሰጣት፣ ተናፈጠች፤ እሱም ጥርት ብሎ ተላለፈ። ዋና አዘጋጁ አንድ እግሩ ጫማ አንድ እግሩ ካልሲ ሆኖ ኮሪደሩን ሲከንፍበት መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ መናገር አቅቶት ማይኩን በአገጩ አመለከተ።

ደወል ክው አለች። የመጣባት አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ እናቴ ሰምታለች። ስልኮቹ ሁሉ እየተንጫረሩ ፕሮግራሙን እንደምንም ጨረሰችው፤ ሲያልቅ ግን የእናቷ ስልክ አልመጣም። ኮቷን ሳትለብስ ታክሲ ይዛ ወደ ቤት በረረች። እናት እንደ ወትሮዋ መኪናዋ ላይ ናት። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ጭጭ ብሏል።

"ዛሬ ደግሞ ባትሪው አልቆ ጉድ ሠራኝ" አለች እናት፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል። "ያመለጠኝ ነገር አለ?"

"ምንም" አለች ደወል።

ደወል አመነቻት። የዚህች ሴት የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ከልብስ ቁልፍ ጋር ትርፍ ባትሪ ጠፍቶ እንደማያውቅ ማስታወስ ነበረባት፤ ግን ሰው ለማመን የቸኮለበትን ነገር አይመረምርም። ጊዜ ሳታጠፋ ሬዲዮውን ላሠራልሽ ብላ ወሰደችውና ጣቢያው ውስጥ የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። እናትም እሺ አለች። ያለ ሬዲዮ አንዲት ክር በመርፌ አስገብታ የማታውቅ ሴት እሺ ማለቷ ራሱ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር። አላስጠረጠራትም።

ዋና አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። ረጅም እረፍት ውሰጂ፣ አድማጭ ከቁርሱ ጋር በሽታ መስማት አይወድም አላት። ደወል ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ነበር። በማግስቱ ማይኳ ፊት ተቀምጣ ትናንት የሰማችሁት እውነት ነው አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ ስለዚህ ከአንድ ሰው በቀር ከማንም አልደብቅም፤ እናቴን የምታውቁ ሁሉ ግን አደራ አለች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ግማሽ ሰዓት ለዚሁ ተሰጣት። ምን እንደመረመሯት፣ ምን እንደዋጠች፣ ምን እንዳስታወካት እንደ አየር ሁኔታ ዘገባ ታወራለች፤ ሐኪሟም አንዳንዴ አብራት ትቀመጣለች።

ከተማው አደራውን በደስታ ተቀበለ። ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞች ልብስ ሰፊዋ ፊት አፋቸውን በክር እንደተሰፋ ይዘው ይለካሉ። አንዷ ተዘናግታ "ለልጅሽ እግዜር..." ብላ ጀመረችና መሀል ላይ ባነነች፤ "...ደህና ባል ይስጣት" ብላ ጨረሰችው። እናት አሜን ብላ ወገቧን መለካት ቀጠለች።

በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ባለጣቱ ጣቱን አንስቶ ስልክ አስገባ። ወዲያው ጣቢያው አፏጨ። ደወል ከልማዷ እባክዎ የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱ አለች፤ ደዋይዋ ግን አልቀነሰችም። ከታችኛው ሰፈር የምደውል አድማጭ ነኝ አለች፣ ድምፅዋን ከደረቷ እያወጣች እንደ ዳኛ አወፍራ። ከኋላዋ የስፌት መኪና ተክ ተክ ተክ ይላል።

ደወል እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ የቤቱ ሬዲዮ እሷው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ይሄኛው ከጎረቤት የተዋሰችው መሆን አለበት። መስታወቱን ቀና ብላ ስታይ ባለጣቱ የደዋይዋን ቁጥር አይቶ አሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቷል፤ ለዚህ የሚሆን ምልክት አልነበረውም። እማዬ ለማለት አፏን ከፈተች። ሴትየዋ ግን ቀደመቻት።

"ያምዎታል?" አለች።

ቤት ውስጥ ይህን የጠየቃት ማንም የለም። ሊጠይቃትም አይችልም፤ ቤት ውስጥ በሽታ የሚባል ነገር አልገባም። ደወል እናቷን በስሟ ብትጠራ ይህ ጥያቄ ተመልሶ መሳቢያ እንደሚገባ ገባት። ስለዚህ አልጠራቻትም።

"ገና አላመመኝም" አለች። "እፈራለሁ እንጂ።"

"ይፍሩ" አለች ደዋይዋ። "ፈርተውም ይሂዱ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ክንድ አልነሳም ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በራስ የሚጠለቅ ልብስ ትተው ከፊት የሚከፈት ይያዙ።"

ስልኩ ሲዘጋ ደወል ለአድማጭ ምስጋና አቅርባ ዘፈን አስገባች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም ስታለቅስና ስትስቅ ቆየች። ባለጣቱ በዚህ ጊዜ ማይኩን በሁለት እጁ ነው የዘጋው።

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሁለት ኑሮ ኖሩ። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ሾርባ፣ ዳቦ፣ የጎረቤት መጋረጃ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በእርስዎ፣ በከተማው ሁሉ ፊት፣ እውነት እውነቱን። ለኦፕራሲዮኑ ስትሄድ ደወል እናቷን ለስልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተልኬያለሁ አለቻት። እናት ዕውቀት አይከብድም ብላ መረቀችና ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጀችላት። ሆስፒታል ደርሳ ስትከፍተው ከላይ የተቀመጠው ከአንገት እስከ እግር ከፊት የሚከፈት አዲስ የሌሊት ልብስ ነው። ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ በአንድ እጅ ለመክፈት እንዲመቹ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነርሷ ይህን የመሰለ ከየት ገዛሽ ብትላት፣ ደወል ለስልጠና የተሰፋ ነው ብላ ሳቀች። ስፌቱም አብሯት ሳቀና አመማት።

ከ"ስልጠናው" ተመልሳ ቁምሳጥኗን ስትከፍት ቀሚሶቿ ሁሉ ኦፕራሲዮን በተደረገችበት በግራ በኩል ከውስጥ ስስ ጥጥ ገብቶባቸዋል። የትኛውንም ብትለብስ ሁለቱ ወገን እኩል ነው። ስለዚህ ማንም ምንም አላለም። እናት ብቻ ቀሚስ ሲቆይ ቅርፁን ይለቃል፣ ነካካሁልሽ አለች፤ ደወልም እውነትሽን ነው አለች። ያን ማታ ሾርባዋን ጀምራ እናቷን ስታይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ትኩስ ነው ብላ አመካኘች።

መድኃኒቱ ፀጉሯን ማርገፍ ሲጀምር አንድ ፀጉር አስተካካይ ደውሎ፣ እሷ እየተናገረች በነፃ ልላጫት አለ። ዋና አዘጋጁ ራሱን ያዘ፤ ደወል ግን ና አለችው። ሰውየው ቶንዶሱን ይዞ ስቱዲዮ ገባና በቀጥታ ሥርጭት ይላጫት ጀመር። ቶንዶሱ ማይኩ አጠገብ ሲያጓራ፣ ጣቢያችሁ ተበላሽቷል የሚል ስልክ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ደወልም ጣቢያው ደህና ነው፣ የሚበላሸው የእኔ ፀጉር ነው እያለች ታስተባብላለች። ከታችኛው ሰፈር የምትደውለዋ አድማጭም ከነፉጨቷ ገባች።

"ጭንቅላትዎ እንዴት ነው? ክብ ነው?" አለች።

"ክብ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ሴትየዋ። ከዚያ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። "ማለቴ... ከድምፅዎ እገምታለሁ።"

ባለጣቱ ከመስታወቱ ማዶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ፀጉር አስተካካዩም ቶንዶሱን አጥፍቶ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ሻሽ ያምርብሻል፣ ዘንድሮ ፋሽን ነው አሉ አለቻት፤ በማግስቱ ከየቀሚሱ ትራፊ ጨርቅ የተሰፉ ሻሾች አልጋዋ ላይ ተደርድረው አገኘች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነበር። ዳቦ ሻጩ ሳይቀር ዳቦውን ሲጠቀልልላት ያቺ የታችኛው ሰፈር አድማጭሽ ደህና ናት ወይ ብሎ በዓይኑ ይጠቅሳታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንደሚባለው፣ የተደበቀ ነገር አለ ብለው የሚኖሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሐሙስ በሐሙስ ሥራውን ወደ ጎን አድርጎ የማይሰማ አልነበረም። እየሰሙም ብዙ ሴቶች ራሳቸውን ለማስመርመር ሄዱ፤ ሐኪሟ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ ምሳ አልበላም እያለች ትነጫነጭ ነበር፤ ደስ ሲላት ነው የምትነጫነጨው።

አንድ ሐሙስ ደወል መድኃኒቱ አድክሟት ድምፅዋ ቀጥኖ ሳለ፣ ከእናቴ ከደበቅሁት ሁሉ ይሄ ድካም ከበደኝ አለች ሳታስበው።

"እናትዎ እንዳያውቁ ከፈለጉ አያውቁም" አለች ደዋይዋ ቀስ ብላ። "እናት ልጇ ያለቻትን ታደርጋለች። ማወቅ ቢሆንም፣ አለማወቅ ቢሆንም።"

የመጨረሻው ምርመራ ውጤት የደረሰው በሐሙስ ዕለት ጠዋት ነው። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ እየተመላለስሽ እናይሻለን፣ አሁን ግን ሂጂልኝ አለቻት። ደወል ከሆስፒታሉ ደጅ ወጥታ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ መሮጥ ጀመረች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆመች። ገብታ ምን ልትል ነው? በዚያ ቤት የታመመ ሰው የለም፤ የዳነም ሊኖር አይችልም። ይህን ወሬ ከማንም በፊት መስማት ለሚገባት ሴት መንገር የማትችለው እሷ ብቻ ሆነች። መደበቅ ከጀመረች ወዲህ ያን ቀን ያህል አንጀቷን የበላው ነገር የለም። ፊቷን አዙራ ወደ ጣቢያው ሄደች።

ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ቀይዋ መብራት ፍም መስላ በርታለች። ዋና አዘጋጁ ከዚያ ጉድ ወዲህ አንድ አምፖል ሳይሆን ሳጥን ሙሉ ነው የገዛው። ደወል ሰላምታ ሰጠች፣ ወሬ አለኝ አለች፣ ወሬውን ግን አልተናገረችም። ዘፈን ጋበዘች። የአየር ሁኔታ አነበበች። አንድ ጊዜ የተነበበ የጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያ ደገመች። የስልክ መስመሮቹ ሁሉ ይበራሉ፤ ባለጣቱ ግን እያየ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ከታችኛው ሰፈር ማንም የለም። ዋና አዘጋጁ በሩ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ባለጣቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አንድ ጣቱን ጣሪያ ድረስ አነሳ።

ጣቢያው አፏጨ። ከፉጨቱ ውስጥ ድምፅዋን ማወፈር የረሳች ሴት፣ "እንዴት ሆነ?" አለች። ሌላ ምንም አላለች። ስሟንም አልተናገረች፣ ሰፈሯንም አልጠቀሰች።

ደወል ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

"እማዬ" አለች። "ሬዲዮውን ቀንሺው።"

ሬዲዮ ላይ ዝምታ ኃጢአት ነው፤ ዋና አዘጋጁ ሰው የሚቀጣው ለዝምታ ነበር። ያን ጠዋት ግን ጣቢያው ዝም ሲል እሱም ዝም አለ። ታክሲዎች ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ዳቦ ሻጩ ሒሳብ መመለሱን ትቶ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጠፈ። የስፌት መኪናው ቆመ። ከዚያ ፉጨቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

"ቀነስኩት፣ ሚጣዬ" አለች እናት። "ንገሪኝ።"

"የለም አሉኝ እማዬ። ምንም የለም።" መጨረሻው ላይ ለቅሶ ቀደማትና ቃሉ ሳይወጣ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ።

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት፣ አፍንጫ ሲናፈጥ። እሱም ጥርት ብሎ ተላለፈ።

"መጨረሻውን ዋጥሽው" አለች እናት። "ድገሚው።"

ደወልም ደገመችው።